ሂቢስከስን ለመለየት አበባውን ገልብጡት

አንድ ቀይ አበባ ከፊት ለፊት ፎቶ ይነሳና «ይሄ የትኛው ሂቢስከስ ነው?» ተብሎ ይጠየቃል። ከእንዲህ ዓይነቱ ፎቶ የሚታወቀው ቀይ መሆኑ ብቻ ነው። ቀለም ደግሞ በዚህ ተክል ላይ ከሁሉም በላይ የሚያሳስት ነገር ነው። ትክክለኛው መለያ ያለው ከአበባው ጀርባ፣ ከመሃሉ በሚወጣው ዘንግ ጫፍና በቅጠሉ ጠርዝ ላይ ነው። ምን እንደያዙ ሳያጣሩ እንክብካቤ መጀመር ጣጣ አለው። በብርድ ወቅት ቅጠሉን አራግፎ የሚያርፈውን ዓይነት «ደረቀ» ብሎ የሚነቅል አለ፤ በተፈጥሮው የማይከፈተውን አበባ ለማስከፈት ማዳበሪያ የሚያፈስ አለ፤ ውርጭ የማይችለውን ደጅ አሳድሮ የሚገድልም አለ።

እዚህ ላይ በዋናነት የምናየው የሐሩር ክልሉን ሂቢስከስ ነው፤ ሳይንሳዊ ስሙ ሂቢስከስ ሮዛ-ሲኔንሲስ ይባላል። ይህን ስም በ1753 የሰጠው ሊኒየስ ነው። በስሙ ውስጥ ጽጌረዳ ይግባ እንጂ ከጽጌረዳ ጋር አይዛመድም፤ ቤተሰቡ የጥጥ፣ የባሚያና የከርከዴ ነው። የባሚያን አበባ ቀረብ ብሎ ያየ ሰው የሂቢስከስን አሠራር አይቷል ማለት ይቻላል። ዛሬ በየጓሮው የምናገኛቸው አብዛኞቹ ደግሞ ከሌሎች ዘመዶቹ ጋር ተደጋግመው የተዳቀሉ ናቸው፤ ብዛታቸው በሺዎች ይቆጠራል።

ከጀርባ ወደ ፊት

ሙሉ በሙሉ የተከፈተ አንድ አበባ ከነአገዳው ቁረጡና ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡት። ውሃ ውስጥ ማስገባት አያስፈልግም። ተክሉ ላይ ቢቀርም ቢቆረጥም የአበባው ዕድሜ በአብዛኛው አንድ ቀን ነው፤ ጠዋት ይከፈታል፣ ሲመሽ ይጠቀለላል፣ ከዚያ ይረግፋል። አንዳንድ ዲቃላዎች ሁለትና ሦስት ቀን ይቆያሉ። ተረጋግቶ ለማየት በቂ ጊዜ አለ።

አሁን ገልብጡት። ከጀርባው ሁለት አረንጓዴ ክበቦች ይታያሉ። ላይኛው ፔታሎቹን፣ ማለትም ባለቀለሞቹን የአበባ ቅጠሎች፣ አቅፎ የያዘው ጽዋ ነው፤ ደወል የመሰለ፣ ጫፉ አምስት ቦታ የተከፈለ፣ ርዝመቱ 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ። ከእሱ ሥር ቀጫጭን አረንጓዴ ቅጠሎች ዙሪያውን ቆመዋል፤ ብዙ ጊዜ ስድስት ወይም ሰባት ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ከ8 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ይረዝማሉ። ይህን የታችኛውን ክበብ ንዑስ ጽዋ እንበለው። ስለ አንድ አበባ ምክር የምትጠይቁ ከሆነ ፎቶ መነሳት ያለበት በቅድሚያ ይህ ጎኑ ነው።

ከጽዋው ዝቅ ብሎ ደግሞ አገዳው ላይ ቀጭን ቀለበት የመሰለ መገጣጠሚያ አለ። በጥፍር ሲነካ ይታወቃል። እምቡጥ ሲረግፍ የሚለቀው እዚህ ላይ ነው፤ ቦታውን ልብ በሉት፣ ኋላ ያስፈልገናል።

ወደ ፊት መልሱት። ከመሃል የሚወጣው ረጅም ዘንግ ወንዴና ሴቴውን አንድ ላይ የያዘ ነው። ወንዴው ቱቦ ሠርቶ ጎንና ጎኑ ላይ አጫጭር ክሮች ያወጣል፤ በክሮቹ ጫፍ ቢጫ ብናኝ አለ። ሴቴዋ በቱቦው ውስጥ አልፋ ከላይ ትወጣና ትከፋፈላለች፤ በየቅርንጫፎቿ አናት ላይ ከፋይ የለበሰ የሚመስል ክብ ነገር ይቀመጣል። እነዚህን ቁጠሩ። አምስት ከሆኑ ሂቢስከስ ነው። አሥር ከሆኑ ግን የያዛችሁት ሌላ ተክል ነው።

ድርብ አበባ ከሆነ ይህ ቆጠራ አያዋጣም። ድርብ የሚሆነው የወንዴው ክሮች ወደ ፔታልነት ስለሚለወጡ ነው፤ ዘንጉ ተጨማዶ ወይም ጨርሶ ጠፍቶ ሊገኝ ይችላል። ያን ጊዜ በንዑስ ጽዋውና በቅጠሉ ላይ ተመኩ። የሮዛ-ሲኔንሲስ ቅጠል እንቁላል መሰል ሆኖ ጫፉ ሾጠጥ ያለ፣ ጥቁር አረንጓዴና የሚያብለጨልጭ ነው። ቅጠሎቹ ግንዱ ላይ ጥንድ ጥንድ ሆነው ሳይሆን እየተፈራረቁ ይወጣሉ። ጠርዙ ከመሃል ወደ ጫፍ እንደ መጋዝ የተጠረሰ ሲሆን ወደ አገዳው ሲጠጋ ግን ልሙጥ ይሆናል። ኩፐሪ የሚባለው ዓይነት ቅጠሉ ነጭ፣ ሮዝና አረንጓዴ ስለሚሆን ብዙ ሰው ታሟል ብሎ ይሠጋል፤ ጤነኛ ነው።

ቀለምን ያሳነስኩበት ምክንያት አለኝ። ያው አንድ ተክል ቀዝቀዝ ባለ ወቅት ትልልቅና ደማቅ አበባ ይሰጥና ሙቀት ሲበረታ ትንንሽና ገርጣ ያለ ያወጣል። ብርቱካናማው ቢጫ፣ ሐምራዊው ግራጫ ወደ መምሰል ሊሄድ ይችላል። «ሌላ ዓይነት ነው የሸጡልኝ» ከማለት በፊት አንድ ሙሉ የወቅት ዙር መጠበቅ ይሻላል።

በስሙ የሚነግዱት

በብዛት የሚያሳስተው ማልቫቪስከስ ነው። አበባው ቀይ ነው፣ ቅጠሉም ይመሳሰላል፣ ነገር ግን ወደ ታች ተንጠልጥሎ እንደተጠቀለለ ይቀራል፤ ከጥቅሉ ጫፍ ዘንጉ ብቻ ብቅ ይላል። ይህ ያልተከፈተ እምቡጥ አይደለም፤ አበባው ያ ነው። ሴቴዋን ስትቆጥሩ አሥር ቅርንጫፍ ታገኛላችሁ። ጥላን ከሂቢስከስ በተሻለ ይችላል፤ ስለዚህ ፀሐይ ለማያገኝ የአጥር ጥግ እሱን ሆን ብሎ መትከል ጥሩ ምርጫ ነው።

ሂቢስከስ ስኪዞፔታለስ የምሥራቅ አፍሪካ ተወላጅ ነው፤ በኬንያ፣ በታንዛኒያና በሞዛምቢክ ይገኛል። አበባው በረጅምና ቀጭን አገዳ ተንጠልጥሎ ፔታሎቹ ወደ ኋላ ይቆለመማሉ፤ ጠርዛቸውም በጥልቀት የተዘለዘለ ነው። ገልብጣችሁ ስታዩት ንዑስ ጽዋው 1 ወይም 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ሆኖ ለማየት ያስቸግራል። ከሮዛ-ሲኔንሲስ ጋር በቀላሉ ስለሚዳቀል በሁለቱ መሃል ያሉ፣ ግማሽ የተንጠለጠሉና ጠርዛቸው በከፊል የተቀደደ አበባዎች ሞልተዋል። እነዚህን በግድ ከአንዱ ወገን መክተት ትርፍ የለውም፤ ዲቃላ ናቸው ማለት ይበቃል።

ሂቢስከስ ሲሪያከስ፣ በአንዳንድ አገሮች የሳሮን ጽጌረዳ የሚሉት፣ ቅጠሉ ያጋልጠዋል። ሦስት ቦታ የተከፈለ፣ ጥርሱ ሻካራ፣ ማብለጭለጭ የሌለው ቅጠል ነው። በብርድ ወቅት ሙሉ በሙሉ ይራቆትና በጸደይ እንደገና ያቆጠቁጣል፤ ከባድ ውርጭ ይችላል። አበባው ብዙ ጊዜ ሐምራዊ፣ ነጭ ወይም ሮዝ ሆኖ መሃሉ ላይ ደማቅ ቀይ ነጥብ አለው። ስሙ ሶርያን ቢጠራም ትውልዱ ወደ ቻይና ነው።

ሂቢስከስ ሙታቢሊስ ጠዋት ነጭ ሆኖ ተከፍቶ፣ እኩለ ቀን ላይ ሮዝ፣ ማታ ደማቅ ቀይ የሚሆነው ነው። ቅጠሉ ሰፊ፣ ፀጉራም፣ እንደ ወይን ቅጠል የተከፋፈለ ነው። ሂቢስከስ ሞስኩቶስ ደግሞ የሰሜን አሜሪካ ረግረግ ተክል ነው፤ አበባው 20 ሴንቲ ሜትርና ከዚያም በላይ ይሰፋል። እንጨት አይሆንም፤ በብርድ እስከ መሬት ደርቆ ከሥሩ ይመለሳል። ሂቢስከስ ቲሊያሲየስ ቢጫ አበባና የልብ ቅርጽ ያለው ሰፊ ቅጠል ይዞ በሐሩር የባሕር ዳርቻ የሚያድግ ዛፍ ነው፤ ቢጫው ሲመሽ ወደ ቀይ ይዞራል። ከሲሪያከስና ከሞስኩቶስ የሮዛ-ሲኔንሲስ ልዩነት ዓመቱን ሙሉ ቅጠል የሚይዝና ውርጭ የማይችል መሆኑ ነው።

ከቁራጭ ማባዛት

ዘር የሚይዙት ጥቂት ናቸው፤ ከዘር የወጣ ዲቃላም እናቱን አይመስልም። የወደዳችሁትን አበባ ራሱን ማግኘት የሚቻለው በቁራጭ ወይም በግራፍት፣ ማለትም ቅርንጫፉን በሌላ ተክል ግንድ ላይ በመሰካት፣ ነው።

ከቅርንጫፉ የትኛውን ክፍል መውሰድ እንዳለባችሁ ማወቅ የሥራው ግማሽ ነው። ጫፉ ላይ ያለው ለስላሳ ቀንበጥ ሥር ሳያወጣ ይበሰብሳል። ከታች ያለው ግራጫ ወፍራም እንጨት ቢበቅልም ይዘገያል። የሚፈለገው መሃለኛው ነው፤ ቅርፊቱ ከአረንጓዴ ወደ ቡናማ መዞር የጀመረ፣ የእርሳስ ውፍረት ያለው፣ ሲያጎብጡት ትንሽ እምቢ የሚል። ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ርዝመትና ሦስት ወይም አራት አንጓ ይኑረው። ከታች በኩል ልክ ከአንጓው ሥር በሰያፍ፣ ከላይ ከአንጓው 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብላችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ቁረጡ። እንዲህ ካደረጋችሁ የቱ ጫፍ ወደ ታች እንደሚገባ አይምታታም።

የታችኞቹን ቅጠሎች አንሱ፤ ከላይ ሁለት ብቻ ይቅሩ፤ ትልልቅ ከሆኑ በመቀስ እኩሌታቸውን ቁረጡ። ሥር የሌለው ቁራጭ በቅጠሉ የሚያጣውን ውሃ መተካት አይችልምና። እምቡጥ ካለ ሳትራሩ አውጡት። የሥር ማብቀያ ሆርሞን ካላችሁ 0.3 በመቶ አይቢኤ (ሥር የሚያስወጣው ንጥረ ነገር) ያለው ዱቄት ይስማማዋል፤ የታችኛውን 2 ሴንቲ ሜትር ነክራችሁ ትርፉን አራግፉ። መብዛቱ ጥቅም የለውም፤ ጫፉን ያቃጥላል።

መትከያው እኩል በእኩል የተቀላቀለ ፐርላይት (ቀላል ነጭ ጠጠር) እና ኮኮፒት (የኮኮናት ቅርፊት ብናኝ)፣ ወይም ንጹሕ የታጠበ ሻካራ አሸዋ ይሁን። የጓሮ አፈርና ኮምፖስት አታስገቡበት፤ ሥር ለማውጣት የሚያስፈልገው አየርና እርጥበት እንጂ ምግብ አይደለም፤ አፈር ይዞት የሚመጣው ፈንገስ ደግሞ ቁስሉን ያገኘዋል። እርጥበቱን በእጅ ለኩት፤ እፍኝ ሙሉ ጨምቃችሁ አንድ ሁለት ጠብታ ብቻ ከወጣ ልክ ነው። ቁራጩን ሁለት አንጓ እስኪቀበር ትከሉና በሚያሳልፍ ፕላስቲክ ሸፍኑት፤ ፕላስቲኩ ቅጠሉን አይንካ። ብርሃን ያለው ግን ቀጥተኛ ፀሐይ የማይደርስበት ቦታ ከ22 እስከ 28 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀት ካለው፣ ከ4 እስከ 8 ሳምንት ውስጥ ሥር ይይዛል። በየሁለት ሦስት ቀኑ ለጥቂት ደቂቃ ገልጣችሁ አየር አስገቡለት።

አዲስ ቅጠል ብቅ ማለቱ ሥር ስለማውጣቱ ማስረጃ አይደለም። ቁራጩ በግንዱ ውስጥ ባከማቸው ስኳር ቅጠል ሊያወጣ ይችላል፤ በዚህ ተታሎ ፕላስቲኩን ያነሳ ሰው በሁለተኛው ቀን የጠወለገ እንጨት ያገኛል። ቀስ አድርጋችሁ ሳብ ስታደርጉት ከያዘ፣ ወይም ሥሩ በዕቃው ቀዳዳ ከታየ ነው የምትተማመኑት። ያን ጊዜም ሽፋኑን በአንድ ቀን አታንሱት፤ በሳምንት ውስጥ እያሰፋችሁ ክፈቱት።

ቅጠሉ ረግፎ ግንዱ አረንጓዴ ከሆነ አትጣሉት፤ ተስፋ አለው። ግንዱ ከሥር ወደ ላይ እየጠቆረ ከመጣ ግን በስብሷል፤ ምክንያቱ የበዛ ውሃ ወይም ያልጸዳ መቁረጫ ነው። መቁረጫውን በ70 በመቶ አልኮል ከተክል ወደ ተክል ስትሄዱ ማበስ ልማድ ይሁን።

ድሮ የሚታወቁት ነጠላ ቀይ ዓይነቶች በዚህ መንገድ በቀላሉ ይያዛሉ። ትልልቅ አበባ ያላቸው ዲቃላዎች ግን ሥራቸው ደካማ ነው፤ ሥር ቢያወጡም ዕድገታቸው ይጎተታል። ለእነሱ ግራፍት ይሻላል። እርሳስ የሚያህል ግንድ ያለውን ጠንካራ ተክል ከአፈሩ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብላችሁ ቁረጡ፤ መሃሉን ወደ ታች 2.5 ሴንቲ ሜትር ሰንጥቁት። የምትሰኩትን ቅርንጫፍ ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ቆርጣችሁ ታችኛውን ጫፍ በሁለቱም ጎን እንደ ሽብልቅ ቅረጹት። ቅርጹ በአንድ ንጹሕ ምላጭ፣ በአንድ ምት ይውጣ፤ እየተደጋገመ የተላገ ገጽ ወጣ ገባ ይሆንና አይገጥምም። ዋናው ነገር ከቅርፊቱ ሥር ያለው አረንጓዴ ሽፋን ከሌላው አረንጓዴ ሽፋን ጋር ቢያንስ በአንድ ጎን መገናኘቱ ነው። ውፍረታቸው እኩል ካልሆነ መሃል ላይ አታስቀምጡት፤ ወደ አንዱ ጠርዝ አስጠጉት። በግራፍት ቴፕ አጥብቃችሁ ጠቅልሉና ከላይ በፕላስቲክ ሸፍኑ። ከ3 እስከ 4 ሳምንት ይበቃዋል።

ከግራፍቱ በታች የሚወጣ ቀንበጥ ሁሉ ጠላት ነው። የመሠረቱ ግንድ ከተሰካው ይልቅ ኃይለኛ ስለሆነ ዝም ከተባለ ውሃውንና ምግቡን ወስዶ ላይኛውን ያስርበዋል። «ሂቢስከሴ ከቢጫ ድርብ ወደ ነጠላ ቀይ ተለወጠ» የሚባለው ብዙ ጊዜ ይህ ነው። ተክሉ አልተለወጠም፤ ላይኛው ሞቶ ታችኛው ነው የሚያብበው። ቀንበጡን ገና ለስላሳ ሳለ ከመነሻው ገንጥሉት።

ቦታ፣ ውሃ፣ ምግብ

በቀን ቢያንስ ስድስት ሰዓት ቀጥተኛ ፀሐይ ይፈልጋል። ጥላ ውስጥ ቅጠሉ ያምራል፣ አበባ ግን የለም። ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ ሲወርድ ዕድገቱ ይቆማል፤ ውርጭ ቅጠሉንና ቀጫጭን ቅርንጫፉን ያቃጥላል። አፈሩ ውሃ የሚያሳልፍ፣ ፒኤቹም (የአሲድነቱ መለኪያ) ከ6 እስከ 6.8 ይሁን። በዕቃ የሚተከል ከሆነ አዲሱ ዕቃ ከቀድሞው በ5 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ይስፋ። በጣም ትልቅ ዕቃ ውስጥ ሥሩ ያልደረሰበት አፈር ረጥቦ ይቆይና ሥር ማበስበስ ይጀምራል።

ውሃን በቀን መቁጠሪያ አታጠጡ። ጣታችሁን 3 ሴንቲ ሜትር አስገቡ፤ ደረቅ ከሆነ ከታች እስኪፈስ ድረስ አጠጡ፤ የፈሰሰውን ከሳህኑ ድፉ። ከባድ አፈር ላይ ጠውልጎ የታየ ሂቢስከስ ሁልጊዜ ውሃ የጠማው ላይሆን ይችላል። አፈሩ ርጥብ ሆኖ ሳለ ከጠወለገ ሥሩ ታፍኗል፤ ውሃ መጨመር መቅበሪያውን መቆፈር ነው።

ማዳበሪያን በተመለከተ በብዛት የሚሠራው ስህተት «ለአበባ» ተብሎ የሚሸጠውን ማዳበሪያ መጠቀም ነው። እንደ 10-52-10 ባለ ማዳበሪያ የመጀመሪያው ቁጥር ናይትሮጅን፣ መሃለኛው ፎስፈረስ፣ የመጨረሻው ፖታሲየም ነው፤ ሂቢስከስ ደግሞ ብዙ ፎስፈረስ አይወድም። አፈሩ ውስጥ ሲጠራቀም ብረትና ሌሎች ጥቃቅን ንጥረ ነገሮችን ሥሩ እንዳያገኛቸው ያደርጋል፤ አዲሱ ቅጠል ይገረጣል፣ አበባው ያንሳል፣ ሰውየውም «አነሰው» ብሎ ይጨምራል። የአጥንት ዱቄትና የዶሮ ፍግም በፎስፈረስ የበለጸጉ ስለሆኑ በዕቃ ላለ ተክል እጃችሁን ሰብስቡ። የሚስማማው ፖታሲየሙ የበዛ፣ ናይትሮጅኑ መካከለኛ፣ ፎስፈረሱ ትንሽ የሆነው ነው፤ 17-5-24 ወይም 12-4-18 የተጻፈበት ዓይነት። በዕቃ ላለ ተክል 1 ግራም በ1 ሊትር ውሃ በጥብጣችሁ በየሁለት ሳምንቱ ስጡ፤ ደረቅ አፈር ላይ ሳይሆን ቀድሞ በረጠበ ላይ። ዕድገቱ በቆመበት የብርድ ወቅት አቁሙ። በአፈሩ ገጽ ወይም በዕቃው ጠርዝ ነጭ ቅርፊት ከታየ ጨው ተጠራቅሟል፤ የዕቃውን ይዘት እጥፍ በሚሆን ንጹሕ ውሃ እጠቡት።

ቅጠሉ የጎደለውን ይናገራል። አዲሱ ቅጠል ቢጫ ሆኖ ጅማቱ አረንጓዴ ከቀረ ብረት አጥቷል፤ ብዙ ጊዜ አፈሩ ውስጥ ብረት ጠፍቶ ሳይሆን ፒኤቹ ከፍ ብሎ ነው፤ በእንዲህ ዓይነት አፈር የሚሠራው ኢዲዲኤችኤ የሚባለው የብረት ዓይነት ነው። አሮጌው የታችኛው ቅጠል ከጠርዝና ከጅማቶቹ መሃል ቢጫ ከሆነ ማግኒዥየም ነው፤ 5 ግራም ማግኒዥየም ሰልፌት በ4 ሊትር ውሃ በወር አንዴ ይበቃል። አንድ ሁለት የታች ቅጠል ሙሉ በሙሉ ቢጫ ሆኖ መውደቅ ግን እርጅና ነው። ብዙ ቅጠል በአንድ ጊዜ ቢጫ ከሆነ ያለፈውን ሳምንት አስታውሱ፤ ደርቆ ነበር፣ ቀዝቅዞት ነበር፣ ወይም ቦታ ተቀይሮበታል።

መግረዝ

አበባ የሚወጣው በአዲስ ቀንበጥ ላይ፣ በቅጠሉ ብብት ነው። ያልተገረዘ ሂቢስከስ ከጫፍ ጫፉ ላይ ብቻ እያበበ ከሥሩ የተራቆተ ረጅም እንጨት ይሆናል። የብርዱ ወቅት ሲያበቃ፣ ዕድገት ሊጀምር ሲል፣ ከርዝመቱ ሲሶውን ቁረጡ፤ ወደ ውጭ ከሚያይ አንጓ 5 ሚሊ ሜትር ከፍ ብላችሁ። ከተገረዘ በኋላ አበባ እስኪመለስ ሁለት ሦስት ወር ይፈጃል። ያን ያህል ጊዜ ያለ አበባ መቆየት ካልፈለጋችሁ ቅርንጫፎቹን በሦስት ክፈሉና በየሦስት ሳምንቱ አንዱን ክፍል ግረዙ። የተቆረጠው እንጨት መሃሉ ቡናማ ከሆነ ነጭ እስኪታይ ዝቅ ብላችሁ ቁረጡ፤ ቡናማው የሞተ ነውና ወደ ታች ይቀጥላል።

እምቡጥ ሲረግፍ

ከሁሉ የሚበዛው ቅሬታ ይህ ነው፤ መልሱም አንድ አይደለም። መጀመሪያ የወደቀውን እምቡጥ አንሱና ከላይ እስከ ታች በምላጭ ሰንጥቁት። በነጭ ወረቀት ላይ አድርጉት።

ውስጡ ንጹሕ ከሆነ ምክንያቱ ከውጭ ነው። ውሃ አንዴ በጣም ሲጎድል አንዴ ሲበዛ፣ ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ ሲያልፍ፣ ፀሐይ ሲያንስ፣ ወይም እምቡጥ ይዞ ቦታ ሲቀየርበት ተክሉ ከጽዋው ዝቅ ብላ ባየናት በዚያች መገጣጠሚያ ላይ ግንኙነቱን ይቆርጣል። ድርብ አበባዎች ከነጠላዎቹ ይልቅ በዚህ ይጠቃሉ፤ አንዳንዱ ዓይነት ደግሞ በሙቀት ወቅት ሁሉንም ማራገፉ ተፈጥሮው ነውና ሲቀዘቅዝ ይተወዋል። በዕቃ ያለውን እምቡጥ ከያዘ ወዲህ አታዙሩት።

እምቡጡ ውስጥ 1 ወይም 2 ሚሊ ሜትር የሆኑ ነጭ ወይም ቢጫ ትሎች ካያችሁ፣ በተለይ ወረቀቱ ላይ ፈንጠር የሚሉ ከሆነ፣ የእምቡጥ ዝንብ ነው፤ ሳይንሳዊ ስሙ ኮንታሪኒያ ማኩሊፔኒስ ነው። ዝንቧ እንቁላሏን በእምቡጡ ጫፍ ትጥላለች፤ ትሎቹ ውስጡን ይበላሉ፤ እምቡጡ ቢጫ ሆኖ ይወድቃል፤ ትሎቹም ወደ አፈር ገብተው ይለወጣሉ። አንድ ዙሩ ሦስት ሳምንት ገደማ ነው። ቅጠሉን በመድኃኒት መርጨት የማይሠራው ለዚህ ነው፤ ትሉ በእምቡጥ ውስጥ፣ ቀጥሎም በአፈር ውስጥ ነው ያለው። የወደቀውንና ተክሉ ላይ ቢጫ የሆነውን እምቡጥ በየቀኑ ልቀሙና በታሰረ ፕላስቲክ ከረጢት አስወግዱ፤ ኮምፖስት ክምር ላይ አትጣሉት። ጉዳቱ ከበዛ ሁሉንም እምቡጥ፣ ትንሹን ሳይቀር፣ አንሱና ለአንድ ወር ያህል ተክሉን ያለ እምቡጥ አቆዩት። ያማል፣ ግን ዑደቱን የሚሰብረው እሱ ነው።

እምቡጡ ሳይወድቅ ተጣሞ ከተከፈተ፣ ፔታሉም ላይ ቡናማ ጭረት ካለ ትሪፕስ የሚባሉት ጥቃቅን ነፍሳት ናቸው። አበባውን ነጭ ወረቀት ላይ መታ መታ ስታደርጉት ቀጫጭን ሰረዝ የሚመስሉ ነገሮች ሲራመዱ ታያላችሁ።

ሌሎቹ ተባዮች

ክሽክሽ በቀንበጥና በእምቡጥ ላይ ይሰፍራል፤ በኃይለኛ ውሃ ከሥሩ እየረጩ ማጠብ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። ጉንዳን ተክሉ ላይ ከተመላለሰ ጉንዳኑን ብቻ አትግደሉ፤ የመጣው ክሽክሽ ወይም ሚሊባግ የሚባለው ነፍሳት የሚያወጣውን ጣፋጭ ፈሳሽ ፍለጋ ነው። ቅጠሉ ላይ ጥላሸት የመሰለ ጥቁር ነገር ካያችሁም መነሻው ያው ፈሳሽ ነው። ነጭ ዝንብ ከቅጠሉ ሥር ይደበቃል። ቀይ ሸረሪት የሚበረታው በደረቅና ሞቃት አየር ነው፤ ቅጠሉ በጥቃቅን ነጭ ነጠብጣብ ይሞላል፣ ከሥሩ ስስ ድር ይታያል።

ለየት ያለ ጥንቃቄ የሚሻው ሮዝ የሂቢስከስ ሚሊባግ ነው። ጥጥ በመሰለ ነጭ ነገር የተሸፈነች ነፍሳት ስትሆን ሲጫኗት ሮዝ ትሆናለች። ምራቋ መርዛማ ስለሆነ የቀንበጡ ጫፍ ተጨማዶና ተኮማትሮ ይቀራል፤ አዲሱ ቅጠል አይዘረጋም። የተኮማተረውን ክፍል ከሥሩ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ጨምራችሁ ቁረጡና አቃጥሉ ወይም በከረጢት እሰሩ። ውስጡ የተደበቀውን የሚረጭ ነገር አያገኘውም።

ለነፍሳት ተብሎ የተዘጋጀ ሳሙና ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሊትር በ1 ሊትር ውሃ በጥብጣችሁ የቅጠሉን ሥር ጭምር እስኪንጠባጠብ እርጩ፤ የሚሠራው ነፍሳቱን ሲነካ ብቻ ነው። ማለዳ ወይም ሲመሽ፣ ፀሐይ በሌለበትና አፈሩ ረጥቦ ባለበት ይሁን፤ ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ በላይ ከሆነ ቅጠል ያቃጥላል። የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና የቅጠሉን ሰም ስለሚያሟሟ አትተኩት። መጀመሪያ አንድ ቅርንጫፍ ላይ ሞክሩና ሁለት ቀን ጠብቁ፤ ካልጎዳው ሁሉንም ርጩ፤ ከ5 እስከ 7 ቀን ባለው ልዩነት ሦስት ጊዜ ድገሙት፤ እንቁላሉ የመጀመሪያውን ርጭት ያመልጣልና።